የሐረግ ኮፍያው ፕሮፖዛል፣ ዓርብ ይገባል

ልቃቂት (ፀሐፊ)፦ ሐሳቡ ያው ነው፣ 30 የብርድ ኮፍያ፣ ጉንጉኑ ግንድ ላይ የሚወጣ ሐረግ የሚመስል፣ ክሩ ከማኅበሩ ካዝና። ናሙና ሠርቻለሁ፣ ጌጥ የሌለው ሹራብ በ10 ሳንቲ 20 ዓይን (መርፌ ላይ የሚያዝ የክር ቀለበት) ነው የወጣልኝ፣ ለ50 ሳንቲ ዙሪያ 100 ይበቃ ነበር፣ ጉንጉን ግን ስለሚሰበስብ በ120 እንጀምር።

እንዝርት (ገንዘብ ያዥ)፦ 20 ዓይን ጨመርሽ ማለት ክር ጨመርሽ ማለት ነው። የጓንቱን ጊዜ አልረሳሁም፣ አውራ ጣት ላይ ሲደርስ ክር ያለቀበት ማን ነበር?

ቋጠሮ፦ ክሩን ተዉት እስቲ፣ ናሙናው ላይ ሐረጉ ወደ ግራ ነው የሚጠመዘዘው። አብዛኛው ሐረግ ወደ ቀኝ ነው። ቦሎቄ ተክላችሁ አታውቁም?

ድርና ማግ፦ ሃሃሃ ኮፍያ የሚያደርግ ሰው ቦሎቄ ይመረምራል እንዴ

ቋጠሮ፦ ፕሮፖዛሉ ላይ «ከተፈጥሮ የተወሰደ» ብላችሁ ከጻፋችሁማ ይመረምራል። የጉንጉኑን 3 ዓይን በረዳት መርፌ ከፊት ከያዝሽው ወደ ግራ ይጋደማል፣ ከኋላ ከያዝሽው ወደ ቀኝ፣ በቃ ይሄው ነው።

ልቃቂት፦ ሦስት ማታ የሠራሁትን ልፍታልሽ? ከላይ ወደ ታች ስታይው ደግሞ ይገለበጣል።

ቋጠሮ፦ አይገለበጥም። ገልብጠሽ እዪው።

ድርና ማግ፦ ገልብጬ አየሁት። እውነትም ያው ነው። እንዴት እንደተናደድኩ

ልቃቂት፦ እንግዲያው ፕሮፖዛሉን ቋጠሮ ትጻፈው። እኔ ወጥቻለሁ።

እንዝርት፦ ኧረ በናታችሁ፣ ለአንድ ሐረግ ብለን ልንበተን ነው? ወደ ቀኝ የሚሄደውን ናሙና ማን ይሠራል?

ድርና ማግ፦ እኔ፣ ነገ ማታ ፎቶ እልካለሁ

እንዝርት፦ ሐሙስ ሆነ። ድርና ማግ የት ገባች?

ቋጠሮ፦ እኔ ጀምሬዋለሁ፣ ልቃቂት ይቅርታ፣ አነጋገሬ ከሮ ነበር። የአንቺ እጅ ግን ክሩን ያጠብቃል፣ የኔ ሰፋ ብሎ ወጣ። ደግሞ አናቱ ላይ ዓይን መቀነስ ስጀምር ሐረጉ መሃል ላይ ተቆረጠ፣ ያስጠላል።

እንዝርት፦ አናቱ ይቅራ! የጆሮ ማሞቂያ እናድርገው፣ ዙሪያው ብቻ፣ ክርም ይተርፋል።

ልቃቂት፦ ለኮፍያ አይደል እንዴ የተሰበሰብነው? እሺ፣ የጆሮ ማሞቂያ። ወደ ቀኝ። ዛሬ ማታ አስተካክለዋለሁ፣ «ከተፈጥሮ» የሚለውን ግን እሰርዘዋለሁ።

ቋጠሮ፦ ለምን?