ሐረጎ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጠው የሚቃጠል ነገር ይሸታል

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ነዳጅ ስረግጥ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፤ ሜዳ ላይ የለም። ማኑዋል ኮሮላ ናት። ምን ልይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሽታውን ለየው። እንደተቃጠለ ወረቀት ከሆነ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለየው) ነው። ጭር ያለ ሜዳ ላይ በ4ኛ ማርሽ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄድክ ነዳጁን እስከ ታች እርገጠው። የሞተሩ ዙር ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ የፍሪሲዮኑ ሸራ (ዲስኩ ላይ የተለበጠው) ይንሸራተታል። ግን ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ሳይወርድ የፍሪሲዮኑን ፔዳል እይ፤ ባዶ እርግጫ (ፍሪሲዮኑን መንካት ሳይጀምር የሚወርደው ትንሽ ርቀት) ከሌለው ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይይዝም። ሸራው ካለቀ ዲስኩን፣ ፕሬሻ ፕሌቱን (ዲስኩን የሚጫነውን) እና የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ አብረህ ቀይር።

ሌላ መልስ፦ የዘይት ሽታ ከሆነ ፍሪሲዮኑን አትንካ! የቫልቭ ከቨር ጋስኬት (የሞተሩ የላይኛው ሽፋን ማሸጊያ) ሲደርቅ ዘይቱ የጋለው ጭስ ማውጫ ላይ ይንጠባጠባል። አዲሱን ስትገጥም ብሎኑን ከልክ በላይ አታጥብቅ፣ ሽፋኑ ይጣመማል።

ሌላ መልስ፦ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይበልጥ ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም፤ የእጅ ፍሬኑንም ፈትሽ።