ጥቆማ፦ ለላቫጆ ሰርቨር ኮምፒውተር ከየት ልግዛ? ማንስ ይግጠምልኝ? (አዲስ አበባ)

የሳሪሷ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሳሪስ አካባቢ የቤተሰብ ላቫጆ አለን። እጥበት፣ ግራሶና ዘይት ቅያሬ እንሰራለን። እስካሁን ሁሉም ነገር በካርኒ ነው። መኪና ሲገባ ካሸሯ ታርጋውን ትጽፋለች፤ ማታ ይደመርና የአጣቢዎቹ ኮሚሽን ይሰላል። ማታ ማታ ጭቅጭቅ አይጠፋም። አሁን ፕሮግራም የሚሰራልን ልጅ አግኝተናል። ፕሮግራሙ የሚቀመጠው እዚያው ግቢያችን ባለ ሰርቨር፣ ማለትም ለሁሉም ስክሪን መረጃ በሚይዝ ዋና ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ቢጠፋም ስራ እንዳይቆም። ካሸር ጋ አንድ ስክሪን፣ ዘይት ክፍል አንድ ስክሪን፣ ተቆጣጣሪው እጅ ላይ አንድ ታብሌት ይኖራል።

ሁለት ዋጋ ተሰጥቶኛል። አንዱ አዲስ ትልቅ ሰርቨር፣ ሌላው ያገለገለ ዴስክቶፕ። ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። ከየት ልግዛ? ማንስ ይግጠምልኝ? የሰራችሁበትን ሰው ጠቁሙኝ።

መገናኛ ደንበኛ
እህቴ አትድከሚ። መገናኛ አንድ ኮምፒውተር ቤት አለ፣ ቦታውን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። ላፕቶፕም ፕሪንተርም የልጆቼን ታብሌትም የገዛሁት ከእነሱ ነው። ሰዎቹ ሰው ናቸው። የምትፈልጊውን ንገሪያቸው፣ የሚሆንሽን እነሱ ያውቃሉ።

ዘሪሁን ነኝ
እነሱ ሰርቨር ገጥመው ያውቃሉ ወይስ ላፕቶፕ ብቻ ነው የሚሸጡት?

መገናኛ ደንበኛ
ኮምፒውተር ኮምፒውተር ነው ወንድሜ። ታማኝ ናቸው እያልኩህ ነው።

ገራሚ ጊዜ
ለመኪና ማጠቢያ ሰርቨር! በርቱ። ቀጥሎ ለጀበና ቡና ዳታ ሴንተር እንሰራለን። ደብተርና እስክሪብቶ ምን በደለ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ
እኔ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ መኪና ማጠቢያ ቤት ነው የምሰራው። እዚህ ሰርቨር የሌለው ማጠቢያ አላየሁም። መኪናው በሰንሰለት እየተጎተተ በዋሻ ውስጥ ያልፋል። የትኛው ብሩሽ መቼ ይነሳ፣ ሳሙናው መቼ ይረጭ የሚለውን የሚወስን መቆጣጠሪያ አለ። እሱ ከጓዳ ካለው ሰርቨር ጋር ይነጋገራል። የወር ክፍያ ያለው ደንበኛ መስታወቱ ላይ ትንሽ ስቲከር ይለጠፍለታል፤ መግቢያው ላይ አንባቢው ያየውና በሩ ራሱ ይከፈታል። እህቴ፣ ዋሻውን ከቻይና ብታስመጪ ሰራተኛም ይቀንስልሻል። ዋጋውን ላጣራልሽ?

የሳሪሷ (ጠያቂ)
አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ እኛ ግን በእጅ ነው የምናጥበው። ሰራተኛ መቀነስም አንፈልግም። የምፈልገው ሰርቨር ብቻ ነው።

ኔትወርከሩ
የኔ እህት፣ የሁለት ላቫጆዎችን ኔትወርክ ዘርግቻለሁ። ትልቁን ሰርቨር እርሺው። ሦስት ስክሪን ለሚያስተናግድ የካሸር ፕሮግራም ያገለገለ ጥሩ ዴስክቶፕ ይበቃል። 16 ጊጋ ራምና 512 ጊጋ ኤስኤስዲ ካለው ይተርፍሻል። ትልቁ ሰርቨር ማራገቢያው ይጮሃል፣ መብራት ይበላል፣ መለዋወጫውም እንደ ዴስክቶፕ በየሱቁ አይገኝም።

ያገለገለ ስትገዢ ግን የፕሮሰሰሩን ትውልድ እዪ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 2018 መጀመሪያ ላይ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች በይፋ አይቀበልም። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ከሆነ 3060፣ 5060፣ 7060 ያልፋሉ። 7050 አያልፍም። ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ከሆነ ጂ4 ያልፋል፣ ጂ3 አያልፍም። ሻጩ "ኮር አይ 7 ነው" ቢልሽ አትርኪ። የ6ኛ ትውልድም አይ 7 አለ።

ዋጋ አልጽፍም፤ በየሳምንቱ ይቀያየራል።

መገናኛ ደንበኛ
እኔ ከእነሱ 7050 ነው የገዛሁት። እንደ ሰዓት ነው የሚሰራው። 8ኛ ትውልድ ምናምን ነጋዴ የፈጠረው ነው።

ኔትወርከሩ
ለቤት ከሆነ ይስራልህ ወንድሜ፣ ደስ ይለኛል። እሷ ግን የሰው ኮሚሽንና የቀን ገቢ ነው የምታስቀምጥበት። የደህንነት ማሻሻያ የማይደርሰው ማሽን ላይ ያንን አታስቀምጥም።

የሃያቱ
ስለ ማሽኑ ብዙ አትጨነቂ፣ ስለሚገጥመው ሰው ተጨነቂ። የደረሰብኝን ልንገርሽ። እኛም ላቫጆ አለን። አንድ ቴክኒሻን ሰርቨሩንም ፕሮግራሙንም ገጠመልን። ሲጨርስ የአድሚን ፓስወርዱን ስንጠይቀው "ለደህንነት እኔ ጋ ይሁን" አለ። ዊንዶውሱ የተሰበረ (ያለ ህጋዊ ላይሰንስ የተጫነ) ነበር፤ እሱን ለማስገባት አንቲቫይረሱን አጥፍቶታል። ከቤቱ ሆኖ ለመግባት እንዲመቸው ደግሞ ራውተሩ ላይ በር (ፖርት) ከፍቶ ትቶታል። አንድ ጠዋት ካሸሯ ስታበራው የሁሉም ፋይል ስም ተቀይሯል። ስክሪኑ ላይ ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት። የደንበኛ ዱቤ፣ የአጣቢ ኮሚሽን፣ የዘይት ስቶክ፣ ሁሉም ሄደ። ቴክኒሻኑ ስልክ አያነሳም።

ዘሪሁን ነኝ
ውይ! ባክአፕ አልነበረም?

የሃያቱ
ነበር። እዚያው ሰርቨር ላይ በተሰካ ሃርድ ዲስክ። እሱም አብሮ ተቆለፈ።

የጀሞዋ
እኛ ደግሞ ፋርማሲ ነን። እኛንም እንደዚያ ዓይነት ሰው ነው የገጠመን። ፓስወርድ በጠየቅነው ቁጥር "የመጓጓዣ" ይላል። አንድ እቃ ለመጨመር እንኳ እሱን መለመን ነበረብን።

አቃቂ 4
ስሙን ጻፉት! ሌላ ሰው እንዳይበላ።

የሃያቱ
ስም እዚህ አልጽፍም፤ ጉዳዩ በህግ ተይዟል። የምናገረው ሌላ ሰው እንዲጠነቀቅ ነው።

አቃቂ 4
እንግዲህ ሁሉም ቴክኒሻን ሌባ ነው ማለት ነው። እኔ በራሴ ነው የምገጥመው። ዩቲዩብ አለ።

የጀሞዋ
ሁሉም አይደለም። አሁን ያለን ልጅ ወርቅ ነው። ችግሩ ውል አለመያዛችን ነው። ለአንድ በር ሠራተኛ ውል እንጽፋለን፣ ሙሉ ሂሳባችንን ለሚይዝ ሰው ግን በቃል እንስማማለን።

ገራሚ ጊዜ
ደብተር ብያችሁ ነበር። ደብተር አይቆለፍም።

ኔትወርከሩ
ደብተር ውሃ ሲነካው ይጠፋል፤ ላቫጆ ውስጥ ደግሞ ውሃ ሁሉም ቦታ አለ። የሃያቱ ያለችው ግን እውነት ነው፣ በጣም ያሳዝናል። ከርቀት ለመግባት የዊንዶውስን 3389 በር ለኢንተርኔት ክፍት መተው ሌባ የሚጋብዝ ነገር ነው። የግድ ከርቀት መግባት ካስፈለገ በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ይሁን።

የሳሪሷ፣ ለማንም ክፍያ ከመጨረስሽ በፊት እነዚህን በእጅሽ አድርጊ፦ የዊንዶውሱን፣ የዳታቤዙንና የራውተሩን አድሚን ፓስወርድ፤ በስምሽ የተገዛ ህጋዊ ላይሰንስ ወይም ነፃ የሆነ ሲስተም። ፕሮግራመሩን ጠይቂው፤ ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ ከተጠቀመ ለዳታቤዙ ምንም አትከፍሉም፣ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ በሚባለው ነፃ ሲስተም ላይም ይሰራል። ባክአፑ በየማታው ይሁን፣ አንዱ ቅጂ ግን ከግቢ ይውጣ። ሁለት ፍላሽ ዲስክ ይዘሽ እያፈራረቅሽ አንዱን ቤት ውሰጂ። ዲስኩን ሁሌ ሰክተሽ አትተዪው። የገጠመው ሰው ደግሞ ባክአፑን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ያሳይሽ። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንደሌለ ቁጠሪው።

አዳነ ኤሌክትሪክ
እኔ ኤሌትሪሺያን ነኝ፣ ስለ ኮምፒውተር ብዙ አላውቅም። ግን ሁላችሁም ዋናውን ዘለላችሁት። ላቫጆ ማለት ፓምፕ ነው። የፓምፑ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው 5 እስከ 7 እጥፍ ከረንት ይስባል። በዚያች ሰከንድ ቮልቴጁ ይወርዳል። ሰርቨሩ ከፓምፑ ጋር አንድ መስመር ላይ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ሲጠፋ ሲበራ ይውላል። ብዙ ሰው "ኮምፒውተሩ ተበላሸ" ብሎ የሚጥለው ደህና ኮምፒውተር ነው።

እህቴ፣ ሦስት ፌዝ ካላችሁ ቢሮውን ፓምፕ ከሌለበት ፌዝ ላይ አስደርጊ። አንድ ፌዝ ከሆነ ከቦርዱ ጀምሮ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ይሳብለት። ኧርዙ ይለካ። ውሃና መብራት አብረው ባሉበት ቦታ ኧርዝ የሌለው ሶኬት የሰው ሕይወት ነው የሚነካው። ለአጣቢዎቹም ስትዪ አስለኪው።

የሳሪሷ (ጠያቂ)
ጋሽ አዳነ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፓምፕ ሲነሳ የቢሮው መብራት ደብዘዝ ይላል፣ እውነትዎን ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም።

አዳነ ኤሌክትሪክ
ደብዘዝ ካለ ችግሩ አለ ማለት ነው። ከሁሉም በፊት እሱን አስተካክዪ።

ኔትወርከሩ
ጋሼ አዳነ ልክ ነዎት። ቀጥሎ ዩፒኤስ ነው፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ማለቴ ነው። ዴስክቶፑ፣ ራውተሩና ስዊቹ በመደበኛ ስራ ላይ አንድ ላይ 200 ዋት እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ 1000 ቪኤ ዩፒኤስ ጄኔሬተር እስኪነሳ በቂ ነው። ጄኔሬተራችሁ ትንሽ ከሆነ ግን ተጠንቀቂ። ፍጥነቱ የሚዋዥቅ ጄኔሬተር ሲነሳ ርካሽ ዩፒኤስ አልቀበልም ብሎ ባትሪ ላይ ይቆያል፤ ባትሪው ያልቅና ጄኔሬተሩ እየሰራ ሰርቨሩ ይጠፋል። ከመግዛትሽ በፊት በራስሽ ጄኔሬተር አስሞክሪው። የዩፒኤሱም ዩኤስቢ ገመድ ሰርቨሩ ላይ ይሰካ፤ ባትሪ ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ራሱን በስርዓት እንዲዘጋ። ብዙ ሰው ገመዱን ከካርቶኑ አያወጣውም።

መብራት ሲመለስ ማንም ሳይነካው እንዲበራ ደግሞ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈት የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ይስተካከላል። ዴል ላይ "ኤሲ ሪከቨሪ" ይላል፣ ኤችፒ ላይ "አፍተር ፓወር ሎስ"። ይህ ካልተደረገ ካሸሯ በየጠዋቱ ቁልፉን ስትፈልግ ትኖራለች።

ሰዓቱንም እዪ። ዊንዶውስ ላይ "ናይሮቢ" የሚለውን የሰዓት ክልል ምረጪ፤ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ለማድረግ ብለው በእጅ የሚያዛቡት አሉ። 6 ሰዓት ወደፊት ከሄደ ለሰርቨሩ ቀኑ የሚቀየረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ የማታ እጥበት ሁሉ በነገው ሂሳብ ይገባል፣ የኮሚሽን ጭቅጭቁም ይብሳል። በእኛ አቆጣጠር ማሳየት የፕሮግራሙ ስራ ይሁን።

ቲጂ
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። በቴሌብር የሚከፍሉ ደንበኞች የውሸት መልእክት ያሳዩናል። ሰርቨሩ ይህን ይይዛል?

የጀሞዋ
ቲጂ፣ ስክሪንሾት አትቀበዪ። ገንዘቡ የገባው በእናንተ ስልክ ላይ መታየት አለበት። ካሸሯ የግብይት ቁጥሩን ትመዝግብ፤ ያው ቁጥር ሁለቴ ከመጣ ፕሮግራሙ እንዲያስጠነቅቅ አድርጉ።

አቃቂ 4
ካሜራውንም እዚያው ሰርቨር ላይ ብትጭነው አይሻልም? አንድ ወጪ ይቀንሳል።

ኔትወርከሩ
አይሻልም። 8 ካሜራ እያንዳንዱ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢቀዳ በቀን 170 ጊጋባይት ገደማ ነው። ለ30 ቀን ከ5 ቴራባይት በላይ። ያ ሁሉ ቪዲዮ የሂሳብ ዳታቤዝ ካለበት ዲስክ ጋር አይደባለቅ። ካሜራ የራሱ መቅጃ ይኑረው።

የሚቀመጥበትንም ቦታ አስቢበት። ፓምፕ ቤት አይሁን፣ ኬሚካል ማስቀመጫም አይሁን። የሳሙና እንፋሎት የኔትወርክ ገመዱን ጫፍ ያዝገዋል። ከወለሉ ከፍ ያለ መደርደሪያ፣ በር ያለው፣ ንፋስ የሚገባው ክፍል ይፈለግ። ውሃ እንዳይነካው ተብሎ ሙሉ በሙሉ በታሸገ የብረት ሳጥን የተከተተም አይቻለሁ፤ በሙቀት ነው የሚያልቀው።

መገናኛ ደንበኛ
መገናኛዎቹ መደርደሪያውንም ይሰራሉ።

ዘሪሁን ነኝ
ወንድሜ፣ ኮሚሽን አለህ እንዴ? 😂

መገናኛ ደንበኛ
የለኝም! ወንድሜ ሲሞት ሱቃቸውን ዘግተው ለቅሶ የደረሱ ሰዎች ናቸው። ሌላ ሱቅ ዋጋ ቢቀንስም አልሄድም።

ዘሪሁን ነኝ
ይቅርታ ወንድሜ። ነፍስ ይማር።

የሳሪሷ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፓስወርዱና ባክአፑ ውሉ ውስጥ እንዲገባ ለፕሮግራመሩ ነግሬዋለሁ፣ ተስማምቷል። ሰኞ መስመሩን የሚለካ ሰው ይመጣል። የሃያቱ፣ እግዚአብሔር ይካስሽ፤ ፋይሎቹ ተመልሰው ያውቃሉ?

የሃያቱ
አልተመለሱም። ካርኒዎቹን አልጣልናቸውም ነበር፣ ከእነሱ ላይ ዱቤውን መልሰን ጻፍነው። እናንተም አዲሱ ፕሮግራም እስኪረጋ ካርኒውን ጎን ለጎን ቀጥሉበት።

የሲልቨር ስፕሪንጉ
የዋሻውን ዋጋ አጣርቻለሁ፣ በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ።

አቃቂ 4
የሳሪሷ፣ በመጨረሻ የትኛውን ገዛሽ? አዲሱን ወይስ ያገለገለውን?

ቲጂ
እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ዘሪሁን ነኝ
ጋሽ አዳነ፣ ገርጂ አካባቢ ይሰራሉ? የእኛም ፓምፕ ሲነሳ መብራቱ ደብዘዝ ይላል።

አዳነ ኤሌክትሪክ
እሰራለሁ። የፓምፑ ሞተር ስንት ኪሎዋት እንደሆነ ሳህኑ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ። የቦርዱንም ጨምር፣ ሽፋኑን ግን ራስህ አትክፈት።