በትይዩ የተያያዙ አምፖሎች ለምን ይደበዝዛሉ?

የተከበራችሁ የፊዚክስ መምህራንና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች፣

በጎንደር ከተማ አዘዞ የሠፈራችንን ተማሪዎች አስጠናለሁ፤ ስለ ትይዩ ሰርኪዩት (እያንዳንዱ አምፖል በየራሱ መስመር ከምንጩ ጋር ስለሚገናኝበት አያያዝ) ላሳያቸው ባሰብሁት ሙከራ ላይ ያልተፈታልኝ ነገር ስላለ ማብራሪያችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በትይዩ የተያያዙ አምፖሎች እያንዳንዳቸው የምንጩን ሙሉ ቮልቴጅ ያገኛሉ ይባላል። ነገር ግን ከቅዳሜ ገበያ የገዛኋቸውን ሁለት ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋዮች በተከታታይ አያይዤ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ስለካ፣ ምንም አምፖል ሳይበራ 3.1 ቮልት፣ አንድ የእጅ ባትሪ አምፖል ሲበራ 2.7 ቮልት፣ ሁለተኛው በትይዩ ሲጨመር ደግሞ 2.4 ቮልት ያነባል፤ የመጀመሪያው አምፖል ነጣ ያለ ብርሃንም ወዲያው ወደ ብርቱካናማ ያደላል።

በአንዱ አምፖል የሚያልፈው ከረንት 0.25 አምፔር ስለሆነ፣ የጎደለውን 0.4 ቮልት ለዚህ ሳካፍል 1.6 ኦም አገኛለሁ (ኦም የሬዚስታንስ፣ ማለትም የከረንትን ፍሰት የመቋቋም መጠን መለኪያ ነው)። ሁለቱ አብረው 0.44 አምፔር ሲስቡ የሚጎድለው 0.7 ቮልትም ከዚሁ ቁጥር ጋር ስለሚቀራረብ፣ ምክንያቱ የድንጋዮቹ ውስጣዊ ሬዚስታንስ እንደሆነ እገምታለሁ። ትክክል ነኝ?

ይበልጥ ያስቸገረኝ ግን አምፖሉ ራሱ ነው። ሲበራ 2.7 ቮልትን ለ0.25 አምፔር ባካፍል 10.8 ኦም ይመጣል፤ ጠፍቶ ቀዝቅዞ ሳለ ቴስተሩ 1.5 ኦም ብቻ ያሳያል። የተንግስተን ሽቦ ሲግል ሬዚስታንሱ እንደሚጨምር አውቃለሁ፤ ሆኖም ሙቀት ብቻውን ሰባት እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል? የሚችል ከሆነ፣ የኦምን ሕግ (ሬዚስታንስ ካልተለወጠ ከረንት ከቮልቴጅ ጋር በተመጣጣኝ መጠን ይጨምራል የሚለውን) ለተማሪዎቹ በአምፖል ከማሳይ ይልቅ በየትኛው ዕቃ ባሳይ ይሻላል?