መኪና ሳንገዛ ልጆች እያሳደግን ነው፤ የሌሊቱን ነገር ምከሩን

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። እኔና ባለቤቴ ደሴ ውስጥ ሁለት ልጆች እናሳድጋለን። መኪና ላለመግዛት ተስማምተናል፤ ያለችንን ብር ለትምህርታቸው ብናውላት ይሻለናል። ዘመድ ግን «ልጅ ይዛችሁ እንዴት ይሆናል?» እያለ ወጥሮናል።

ቀን ቀን ችግር የለብንም። ትልቋ ትምህርት ቤት በእግሯ ትሄዳለች፣ ለገበያ ባጃጅ አለ፣ ባለቤቴም ኮምቦልቻ ለሥራ የሚወርደው በሚኒባስ ነው።

ያቃተን ሌሊቱ ነው። ትንሹ አስም አለበት። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ደረቱ ሲር ሲር ይላል፤ ሲብስበት አየር በሳበ ቁጥር ከጎድኑ ሥር ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። የሚነፋለት መድኃኒት እቤታችን አለ፣ ግን አንዳንዴ አይበቃውም። በዚያ ሰዓት ሰፈራችን ባጃጅ አይገኝም፤ የደሴን ዳገት ደግሞ ልጅ አዝሎ በጨለማ መውጣት የማይታሰብ ነው። ባለፈው ጎረቤታችን በመኪናው አደረሰን፣ አላህ ይስጠው። ሁልጊዜ እሱን መቀስቀስ ግን ከበደን።

እባካችሁ፣ ከባጃጅ ሾፌር ጋር የሌሊት ኮንትራት የተዋዋላችሁ አላችሁ? ክፍያው በወር ነው ወይስ በተጠራ ቁጥር? የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 እንደሚጠራ አውቃለሁ፤ ደሴ ላይ ሌሊት ደውላችሁ የምታውቁ፣ ምን ያህል ቆየባችሁ? ክረምቱ ሳይገባ መላ ብናገኝ ደስ ይለናል።