ክርክር፦ የጎማ ጥላሸት ለፀሐይ ሃይድሮጂን?

አወያይ፦ አሮጌ ጎማ አየር በሌለበት ምድጃ ሲሞቅ ዘይቱና ጋዙ ወጥቶለት የሚቀረውን ጥቁር ዱቄት፣ ውሃን በፀሐይ ብርሃን ሰንጥቆ ሃይድሮጂን ለሚያወጣ ፎቶካታሊስት ማዋል ይቻላል የሚሉ አሉ። የሕዝብ የምርምር ገንዘብ ሊመደብለት ይገባል ወይ?

ደጋፊ፦ ይገባል እላለሁ። ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች ፉጂሺማና ሆንዳ በ1972 እ.ኤ.አ. ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ በብርሃን ውሃን እንደሚሰነጥቅ ቢያሳዩም፣ ማዕድኑ የሚጠቀመው ዓይን የማያየውን ብርሃን፣ አልትራቫዮሌቱን ነው፤ እሱም ከሚደርሰን የፀሐይ ኃይል 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ካርቦን ሲቀላቀልበት ብርሃን ያነቃቃውን ኤሌክትሮን ተቀብሎ ስለሚያጓጉዝ በከንቱ እንዳይባክን ይረዳል። ካርቦኑ ደግሞ በፋብሪካው ግቢ ተከምሮ ነው ያለው።

መሐንዲስ፦ ፎቶካታሊስት ስስ ሽፋን ስለሆነ ክምሩን አይነካውም፤ ስለዚህ ቆሻሻ እናስወግዳለን የሚለው ምክንያት ከወዲሁ ይውጣልን። ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ በጃፓን በ100 ካሬ ሜትር ላይ የተዘረጋው፣ ስትሮንቲየም ታይታኔት ከተባለ ሌላ ፎቶካታሊስት የተሠራ ፓነል ከፀሐይ ኃይል ወደ ሃይድሮጂን የለወጠው ቢበዛ 0.76 በመቶ ነው። በካሬ ሜትር 6 ኪሎዋት ሰዓት በሚገኝበት ቀን ይህ 140 ግራም ገደማ ሃይድሮጂን ይሆናል። በዚያው ስፋት የተተከለ 20 በመቶ የሚለውጥ ተራ ሶላር ፓነል ግን ከኤሌክትሮላይዘር፣ ማለትም ውሃን በኤሌክትሪክ ከሚሰነጥቅ መሣሪያ ጋር ከ2 ኪሎ በላይ ያስገኛል።

መምህር፦ እኔን የሚያሳስበኝ ልኬቱ ነው። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼ ጥቁር ዱቄት የተበተነበትን ብልቃጥ መብራት ፊት አቁመው አረፋው ሲንተከተክ ውሃ ሰነጠቅን ብለው ፈነደቁ፤ በብልቃጡ ውስጥ ግን ሜታኖልና ጥቂት ፕላቲነም ነበረበት። ኦክስጅን የማውጣቱን ከባድ ሥራ ያስቀረላቸው ሜታኖሉ ነው፣ ራሱ እየተበላ። ውሃ በእርግጥ ከተሰነጠቀ ለሁለት እጅ ሃይድሮጂን አንድ እጅ ኦክስጅን ሊወጣ ይገባል። በዚያ ላይ የጎማ ዱቄት ዚንክና ሰልፈር አለበት፤ ካልታጠበ ውጤቱ የካርቦኑ ይሁን የዚንኩ አይለይም፣ ያጠበው አሲድም ሌላ ዝቃጭ ነው።

ደጋፊ፦ የመምህራችንን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ስለ ክምሩም ኢንጂነር ልክ ነዎት። ነገር ግን ያው ስትሮንቲየም ታይታኔት የተቀበለውን አልትራቫዮሌት ሁሉ ለማለት ይቻላል ጥቅም ላይ እንደሚያውል በ2020 እ.ኤ.አ. ታይቷል። የጎደለው የሚታየውን ብርሃን መያዝ ነው፤ ይህም የላብራቶሪ ሥራ ስለሆነ የምጠይቀው ለእሱ የሚበቃ አነስተኛ ገንዘብ እንጂ ፋብሪካ አይደለም።

መምህር፦ እንዲያ ከሆነ እደግፋለሁ፤ ኦክስጅን ያልተለካበት ሪፖርት ግን ለሁለተኛ ዙር ገንዘብ አይቅረብ።

መሐንዲስ፦ እኔ አሁንም ኤሌክትሮላይዘሩን እመርጣለሁ።