ባዶ ቤት ስትረከቡ የሚገዛውና የሚቀረው

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ከአገር ቤት ከመጣን ገና ሁለተኛ ወራችን ነው። በመጪው ሳምንት ባዶ አፓርታማ እንረከባለን። ትናንት የጽዳት ዕቃ ልገዛ ወጥቼ ከመደርደሪያው ፊት ለረጅም ጊዜ ቆምኩ፤ የጠርሙሱ ብዛት ግራ ቢያጋባኝ ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ። ባለቤቴ ደግሞ ያየውን ማሽን ሁሉ ካልገዛን ይላል። እባካችሁ፣ የቆያችሁ ሰዎች፣ በእርግጥ የሚጠቅመው የቱ ነው?

መልስ፦
እንኳን ደህና መጣችሁ እህቴ። ባዶ እጅሽን መመለስሽ አያስቆጭሽ። እኔ በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስድስት ቤት ቀይሬአለሁ፤ በተነሣሁ ቁጥር ከማጠቢያው ገንዳ ሥር ያላለቀ ጠርሙስ እየለቀምኩ ስጥል ነው የኖርኩት። አንዱ የምድጃ፣ አንዱ የሰድር፣ አንዱ የቧንቧ ይላል። ጀርባቸውን ገልብጠሽ ስታነቢ ግን ብዙዎቹ ሽታቸውና ቀለማቸው የተለያየ አንድ ዓይነት ሳሙና ናቸው። ስለዚህ የሚጸዳውን ቦታ ትተሽ የቆሻሻውን ዓይነት እያየሽ ግዢ።

ለቅባትና ለተራ እድፍ የሳህን ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ጥቂት ጠብታ በሞቀ ውሃ በጥብጠሽ ምድጃውንም፣ የሣጥኑን በርም፣ ጠረጴዛውንም ታጸጂበታለሽ።

ሳሙና የማይነካው ቆሻሻ በውሃ ማፍያው ውስጥና በቧንቧው አፍ ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ነው። ይህ ከውሃው ውስጥ የሚቀር ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ የሚያሟሟው አሲድ ነው። ኮምጣጤ ይሠራል፤ እኔ ግን ሽታ ስለሌለው የሲትሪክ አሲድ ዱቄት እመርጣለሁ። አንድ ሁለት ማንኪያ በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ አሟሙተሽ ማፍያው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ብታቆዪው ቅርፊቱ ራሱ ይለቅቃል። ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ ነው። አደራሽን፣ እብነ በረድ ላይ እንዳታፈሺው። እብነ በረድም ያው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲዱ የትኛው ቅርፊት፣ የትኛው ድንጋይ እንደሆነ አይለይም፤ አንጸባራቂውን ገጽ በልቶ ደብዛዛ ያደርገዋል።

ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሉ የሚል ምክር በየቦታው ታያለሽ። አረፋው ዓይን ይማርካል እንጂ ሥራ የለውም። አሲዱና ሶዳው እርስ በርሳቸው ተጣፍተው የሚተርፈው ጥቂት ጨው ያለበት ውሃ ነው። ለየብቻ ግን ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ሶዳው ያረረ ድስት ሳይቧጭር ለመፈተግ ጥሩ ነው።

በረኪና አንድ ጠርሙስ ይኑርሽ፤ ከአንድ በላይ አታከማቺ፤ ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል። ደግሞም በረኪና ጀርም ይገድላል እንጂ ቆሻሻ አያነሳም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ፣ ከዚያ በረኪናው በውሃ ቀጥኖ ይቀባና መለያው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ይቆያል። ወዲያው የሚጠርጉት በከንቱ ነው የሚደክሙት። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዛማ ጋዝ፤ አሞኒያ ያለባቸው የመስታወት ማጽጃዎች አሉ። በመጀመሪያው ቤቴ፣ መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት፣ የመጸዳጃውን ቅርፊት ላነሳ አሲድ አፈሰስኩ፤ አልለቅ ሲለኝ ተናድጄ በላዩ በረኪና ጨመርኩበት። ጉሮሮዬን ጨርቅ የጎሰጎሱበት ያህል ታፈንኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ በሩን በእጄ እየዳበስኩ ነው የወጣሁት። ሳሉ ለሁለት ቀን አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን አንድ መደርደሪያ ላይ አላስቀምጥም።

ለልብስ ኢንዛይም ያለው ሳሙና ግዢ። ኢንዛይሙ ደምን፣ ላብንና ቅባትን እየቆራረጠ ስለሚያነሳ ለአብዛኛው ልብስ 30 ወይም 40 ዲግሪ ይበቃል። ሱፍና ሐር ግን ራሳቸው ፕሮቲን ስለሆኑ ለእነሱ ሌላ ሳሙና ያስፈልጋል። የደም እድፍ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይነከር፤ ሙቅ ውሃ ያጋግረዋል። መጠኑን በክዳኑ ለኪ፤ የዛሬው ሳሙና የተጠናከረ ስለሆነ ሲበዛ ልብሱ ላይ ይቀራል፤ ማሽኑም መሽተት ይጀምራል። ታጥቦ ሲያልቅ በሩን ገርበብ አድርጊው። የልብስ ማለስለሻ ከነጭራሹ ይቅርብሽ፤ ፎጣውን በስሱ ስለሚሸፍነው ፎጣሽ ለስላሳ ይሆናል እንጂ ውሃ አይመጥም። የማይክሮፋይበር መወልወያ ጨርቅንማ ጨርሶ ያበላሸዋል። ይህን ጨርቅ ግን ሳትገዢ እንዳትቀሪ፤ ስድስት ያህል ይዘሽ ቀለማቸውን ለወጥ ቤቱና ለመጸዳጃ ቤቱ ለዪ።

ከማሽኑ ሁሉ በፊት የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መኖሩን እይ፤ ቁልፉን ተጭነሽ መጮሁን አረጋግጪ። በተለይ በጋዝ የሚሠራ ምድጃ ወይም ማሞቂያ ካለ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ ነው። ቀጥሎ የእርጥበት መለኪያ ግዢ፤ የመዳፍ ያህል ትንሽ ዕቃ ናት። ከ30 እስከ 50 በመቶ ካሳየች ደኅና ነው፤ ከ60 በላይ ከሰነበተች ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሻጋታ ጠብቂ። ብርድ ነው ተብሎ መስኮት ሁሉ ተዘግቶ እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ ያ ሁሉ ውሃ ግድግዳው ላይ ነው የሚያርፈው። መስኮት መክፈት ካልረዳ ያን ጊዜ የእርጥበት መምጠጫ ማሽን ገንዘቡን ያወጣል።

የአቧራ መምጠጫ ማሽን ምንጣፍ ካላችሁ ግድ ነው፤ ወለሉ ሰድር ወይም እንጨት ከሆነ ግን መጥረጊያና መወልወያ ይዛችሁ ጥቂት ወር ኑሩ። ከገዛችሁም በዋቱ ብዛት አትታለሉ፤ ዋት የሚበላው ኤሌክትሪክ ልክ ነው። አቧራ የሚያስነጥሰው ሰው ካለ ሄፓ ማጣሪያ ያለውን ፈልጉ፤ 0.3 ማይክሮን ከሚያህለው ብናኝ 99.97 በመቶውን እንዲይዝ ሆኖ የሚሠራ ነው።

ሌላ መልስ፦
ከእኔ በፊት የጻፉት እህታችን ጨርሰውታል፤ እኔ የራሴን ጉድ ልጨምር። የሳህን ማጠቢያ ማሽን ያለበት ቤት በገባን በሦስተኛው ቀን የማሽኑ ሳሙና አለቀ። ሳሙና ሳሙና ነው ብዬ የእጁን ፈሳሽ ሞላሁበት። ሳሎን ተቀምጬ ሳለ ልጄ መጥታ «አባዬ፣ በረዶ!» አለችኝ። ወጥ ቤት ስደርስ አረፋው ከበሩ ሥር እየተንከባለለ እስከ ማቀዝቀዣው ደርሷል። ማሽኑን አጥፍቼ በፎጣና በባልዲ ስቀዳ አመሸሁ፤ ያለ ሳሙና ሦስት ጊዜ ካለቀለቅሁት በኋላ ነው አረፋው የቆመው። የማሽኑ ሳሙና አረፋ እንዳያወጣ ሆኖ ነው የተሠራው። ውሃውን የሚያለሰልስ ጨው መያዣ ካለውም የሚገባበት ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀው ጨው ነው፤ የገበታ ጨው አይደለም።

በአንድ ነገር ግን ከእህታችን እለያለሁ። ወለሉ ሰድር ብቻ ቢሆንም ትንሽ ልጅ ካለ ራሱን የሚነዳው ጠራጊ ማሽን ዋጋው አይቆጭም። እንከኑ አንድ ነው፦ ሽቦና ካልሲ ሳይለቀም ከተነሣ ጠምጥሞ ይቆማል። እኛ ቤት የልጆቹ ካልሲ በየቀኑ መሰብሰብ የጀመረው ማሽኑ ከመጣ ወዲህ ነው።

ለመታጠቢያው ገንዳ ጸጉር የሚይዝ ወንፊት ግዙ። ቱቦ የሚከፍተው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ኮስቲክ ሶዳ ስለሆነ ቆዳም ዓይንም ያቃጥላል፤ ወንፊቱ ካለ እሱ ላይ አትደርሱም።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ አንብቦ ዝርዝሩን በግማሽ ቀነሰ። አንድ ብቻ ልጠይቅ፤ ይዘነው የመጣነውን ካውያ አዳፕተር ገዝተን እዚህ መሰካት እንችላለን?

መልስ፦
መለያውን አንብቢ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ አዳፕተሩ ይበቃል። 220 ብቻ የሚል ሆኖ የሶኬቱ ኃይል 110 ከሆነ፣ አዳፕተር የሰኪውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን ስለማይለውጥ ካውያው ሩብ ያህል ኃይል ብቻ ያገኛል፤ ለብ ከማለት አያልፍም። የተገላቢጦሹ ነው የሚያስፈራው፤ የ110ው 220 ላይ ሲሰካ አራት እጥፍ ወስዶ ይቃጠላል። ቮልት የሚቀይር ትራንስፎርመር አለ፤ ካውያን የሚችለው ግን ከባድና ውድ ስለሆነ አዲስ ካውያ መግዛት ይሻላል። አዲሱንም ቢሆን ከማሞቂያ ጋር አንድ ማከፋፈያ ላይ አትሰኪው፤ ሁለቱም በየፊናቸው ከግድግዳው ሶኬት ይውሰዱ።