አጎቴና ወንድሜ እንዴት ይነጋገሩልኝ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ደሴ ነው። አጎቴና ታላቅ ወንድሜ ኮምቦልቻ ላይ በሽርክና የያዙት ሱቅ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘረፈ። ሒሳቡን እስከ ዛሬ ተቀምጠው አልተነጋገሩበትም።

አጎቴ «ጁንታው የወሰደው ዕቃ» ብለው ሲጀምሩ ወንድሜ «እንደ ካድሬ አያውሩብኝ» ይላቸዋል። እሳቸው «ጽንፈኛ!» ይሉታል። ቶናው ሳይቀዳ አንዱ ተነሥቶ ይወጣል። ማን ምን እንዳጣ፣ የትኛው ዕዳ እንደተከፈለ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ቢፈረምም እኛ ቤት ገና ጦርነት ነው።

በእሳቸው አልፈርድም። በወጣትነታቸው፣ በደርግ ጊዜ፣ «አድኃሪ» መባል ነፍስ ያስጠፋ ነበር። ስም ሲለጠፍባቸው የሚደነግጡት ለዚህ ይመስለኛል።

ቃላቱን አትጥሩ ብላቸው በደላቸውን ያቃለልኩባቸው ይመስላቸዋል። ዝም ብል ደግሞ ዝምድናው ሊበጠስ ነው። አበጋር (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ) እንጥራ ወይስ በፊት ለየብቻ ላናግራቸው? እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያስታረቃችሁ ካላችሁ፣ ወሬውን በምን ጥያቄ እንደጀመራችሁት እባካችሁ ንገሩኝ።